ልጅ ከልጆች ጋር እንዲውል ማስተማር፦ ለኬጂ ወላጆችና መምህራን የአሠራር መመሪያ

መስከረም ላይ ሀዋሳ ውስጥ በየመዋዕለ ሕፃናቱ በር ጠዋት ጠዋት ልቅሶ ይሰማል። አንዱ የእናቱን ነጠላ ጨብጦ አልለቅም ይላል። ሌላዋ ከባጃጅ አልወርድም ብላ የወንበሩን ብረት ትይዛለች። ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይል ገብቶ ጥግ ይቀመጥና እስከ መውጫ ሰዓት ቃል አይወጣውም። ወላጅ የሚጨነቀው ለሚያለቅሰው ነው። የሚያለቅሰው ግን ቢያንስ የሚፈልገውን እየተናገረ ነው፤ ዓይናችንን ልንነቅል የማይገባን ዝም ካለው ላይ ነው።

ይህ መመሪያ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። «ከሰው ጋር መዋል» ስንል ተጫዋች ወይም ለፍላፊ መሆን ማለታችን አይደለም። ዝምተኛ ሆኖ ከልጆች ጋር በሰላም የሚውል ልጅ አለ፤ ሲያወራ ውሎ አብሮት መጫወት የሚፈልግ የማያገኝም አለ። የምናወራው ስለሚለመዱ ነገሮች ነው፦ ከወላጅ መለየት፣ የተጀመረ ጨዋታ ውስጥ መግባት፣ ተራ መጠበቅ፣ የፈለጉትን በአፍ መጠየቅ፣ ያልፈለጉትን «አልፈልግም» ማለት፣ ተጣልቶ መታረቅ። እነዚህ እንደ ጫማ ማሰር አንድ በአንድ ይያዛሉ። ሁሉንም ባንድ ሳምንት አስይዛለሁ ያለ ሰው አንዱንም አያስይዝም።

መጀመሪያ አንድ ሳምንት ዝም ብላችሁ እዩት

ምንም ከማረማችሁ በፊት ትንሽ ደብተር ያዙ። በቀን ሦስት አራት መስመር ይበቃል። ልጁን ሦስት ቦታ ተመልከቱት፦ ቤት ውስጥ ከወንድም እህቶቹ ጋር፣ ግቢ ውስጥ ከጎረቤት ልጆች ጋር፣ እንግዳ ሰው ባለበት ቦታ። የምትጽፉት ፍርድ ሳይሆን ያያችሁትን ይሁን። «አስቸጋሪ ነው» ብላችሁ ብትጽፉ ነገ ምን እንደምታደርጉ አይነግራችሁም። «ኳሱን ሲቀሙት ገፈተረ፣ ወደ እኔ ሮጠ፣ አምስት ደቂቃ ያህል አለቀሰ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ግን የሚጎድለው ነገር ወለል ብሎ ይታያል፤ «መልስልኝ» የሚለው ቃል ገና አልመጣለትም።

ዕድሜውንም አትርሱ። የ2 ዓመት ልጅ ከሌላ ልጅ ጎን ተቀምጦ የራሱን ይጫወታል፤ አብሮ አለመጫወቱ ጤነኛ ነው። ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ መኮራረጅና ዕቃ መቀባበል ይጀምራል። 4 ዓመት ላይ «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ ደግሞ ባለ ሱቅ» እያለ ድርሻ ያከፋፍላል። 5 ዓመት ላይ ሕግ ያለው ጨዋታ ይገባዋል፤ መሸነፍ ግን ያኔም ያስለቅሰዋል። ስለዚህ የ3 ዓመት ልጅ መጫወቻዬን አልሰጥም ሲል ስስታም ሆኖ አይደለም፤ የሰጠው ነገር ተመልሶ እንደሚመጣ ገና አላመነም።

ነሐሴን ተጠቀሙበት

ትምህርት ሊጀመር አራት ሳምንት ሲቀረው መለየትን ማለማመድ ጀምሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን ከሚያውቃት ጎረቤት ወይም ከአክስቱ ጋር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ትታችሁት ሂዱ። በሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ሰዓት፣ በሦስተኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ በአራተኛው ግማሽ ቀን ይሁን። ስትሄዱ ንገሩት፤ ባላችሁት ጊዜም ተመለሱ። የ4 ዓመት ልጅ «ከአንድ ሰዓት በኋላ» ቢባል አይገባውም፤ «ዳቦህን በልተህ ስትጨርስ እመጣለሁ» ቢባል ግን ይገባዋል። ግማሽ ሰዓቱ ከብዶት ሙሉውን ካለቀሰ ለሁለት ቀን ወደ 15 ደቂቃ መልሱትና እንደገና ቀጥሉ። እልህ መጋባት እዚህ ላይ ምንም አይጠቅምም።

እንቅልፉን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አስተካክሉ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሣ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ መሆን ይኖርበታል ማለት ነው። ቤተሰቡ ድራማ እያየ እስከ 4 ሰዓት አብሮ የሚያመሽ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚነጫነጨውና የሚገፈትረው ጠባዩ ከፍቶ ሳይሆን እንቅልፍ አጥቶ ነው። በአንድ ቀን ሁለት ሰዓት አስቀድሞ ለማስተኛት አትታገሉ። በየሁለት ሦስት ቀኑ የመኝታውን ሰዓት 15 ደቂቃ ቀደም እያደረጋችሁ ሂዱ።

እጁም ይሠልጥን፦ ምሳ ዕቃውን ራሱ ይክፈት፣ ኮዳውን ራሱ ይክደን፣ ሱሪውን ራሱ አውልቆ ይልበስ። ቀበቶ ያለው ሱሪ አትግዙ፤ ወገቡ ላስቲክ ይሁን። ሽንት ቤቱን ከመስከረም በፊት ወስዳችሁ አሳዩት። ቤቱ መቀመጫ ያለው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ ልጁ ፈርቶ ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውልና ከሰዓት ላይ ያመልጠዋል። ልጆች አንድ ጊዜ ከሳቁበት ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድም ይላል። ቲቸሯ ምክንያቱን ስትፈልግ ብዙ ቀን ያልፋል፤ መነሻው ግን ሽንት ቤቱ ነበር።

በኮንትራት ባጃጅ የሚመላለስ ከሆነ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ከሾፌሩ ጋር አስተዋውቁት፣ አንድ ሁለቴም አብራችሁት ተመላለሱ። ባጃጅ ውስጥ የሚጋፉና የሚቆነጥጡ ትልልቅ ልጆች ካሉ ልጁ የሚጠላው ትምህርት ቤቱን ሳይሆን መንገዱን ሊሆን ይችላል። ከማን ጎን እንደሚቀመጥ ጠይቁ።

የበሩ ላይ ስንብት

ከሁሉ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። አሠራሩ አጭር ነው፤ ከሁለት ደቂቃ ማለፍ የለበትም።

1. ቤት ውስጥ ጫማውን ስታደርጉለት የቀኑን ቅደም ተከተል ንገሩት፦ «መጀመሪያ ባጃጅ፣ ከዚያ ቲቸር፣ ከዚያ ጨዋታ፣ ከዚያ መክሰስ፣ ከዚያ እኔ እመጣለሁ።» በየቀኑ በዚሁ ቅደም ተከተል ይሁን።

2. በሩ ላይ ስትደርሱ ቁጢጥ ብላችሁ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከላይ ወደ ታች የሚነገረው ልጅ ከፊታችሁ ይልቅ የሚያየው ቀሚሳችሁን ነው፤ የሚጨብጠውም እሱን ነው።

3. ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስንብት ይኑራችሁ። ሁለት ጊዜ መሳም፣ መዳፍ ማጋጨት፣ «መክሰስ በልተህ፣ ተጫውተህ ስትጨርስ እመጣለሁ።»

4. ከእጅ ወደ እጅ አስረክቡት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የምትቀበለው ቲቸር ወይም ሞግዚት አንድ ሰው ትሁን። ግቢ ውስጥ ለቅቃችሁት አትሂዱ።

5. ዞራችሁ ሂዱ። በአጥር ቀዳዳ አትዩ፤ እሱ ያያችኋል።

ልጁ በመጫወቻ ሲታለል ሹልክ ብሎ መሄድ ለወላጅ ቀላሉ መንገድ ነው። ልጁ ግን ከዚህ የሚማረው እናት ዞር ባልኩ ቁጥር ልትጠፋ ትችላለች የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ እንኳ ሽንት ቤት ስትሄዱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አልቅሶ ስትመለሱለት ደግሞ ነገ የዛሬውን እጥፍ ማልቀስ እንዳለበት ያውቃል። «ካለቀስክ ቲቸር ትመታሃለች» ማለት ከሁሉ የከፋው ነው፤ በዚያች ሰዓት ሊጠጋት የሚገባውን ብቸኛ ሰው ማስፈራሪያ አደረጋችሁበት። ከረሜላ መስጠትም ዋጋው በየቀኑ ይጨምራል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉ፤ «መለየቱ ከበደህ፣ አውቃለሁ፤ እመጣለሁ» በሉትና ሂዱ።

የሚይዘው ትንሽ ነገር ስጡት፤ ከእናቱ አሮጌ ሻሽ የተቆረጠች የመዳፍ ያህል ጨርቅ ኪሱ ውስጥ ትግባ። ሽታዋ ይረዳዋል። ውድ መጫወቻ አትስጡት፤ ይቀሙታል፣ ሌላ ልቅሶ ይሆናል።

አብዛኞቹ ልጆች ወላጅ ከዓይናቸው በጠፋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይረጋጋሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜም ይለምዳሉ። መምህርት ከሆናችሁ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለእናቲቱ «ተረጋግቷል፣ እየተጫወተ ነው» የሚል አጭር መልእክት ላኩላት። እናት ስትረጋጋ ነገ በሩ ላይ ፊቷ አይጨነቅም፤ ልጁ የሚያነበው ፊቷን ነው።

አንዳንድ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት በደስታ ገብቶ በሁለተኛው ማልቀስ ይጀምራል። የመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ነገር ነበረ፤ በሁለተኛው ዕለት ዕለት እንደሚደጋገም ገባው። ሰኞ ሰኞ፣ ከጉንፋን በኋላ፣ ከገናና ከጥምቀት ዕረፍት በኋላ፣ ቤት ውስጥ አራስ ሲኖር ልቅሶው ይመለሳል። ያኔ የመጀመሪያውን ቀን ስንብት ሳትቀንሱ ሳትጨምሩ ድገሙት።

ለትምህርት ቤቶች አንድ ነገር አጥብቀን እንላለን። ሃያ አዲስ ልጆችን በአንድ ጠዋት አትቀበሉ። ግማሾቹን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት፣ ግማሾቹን በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ለሁለት ሁለት ሰዓት ብቻ ብትቀበሉ፣ አንድ ልጅ ሲያለቅስ ሌላው ሰምቶ አያለቅስም፤ የቲቸሯም እጅ ለሁሉም ይደርሳል።

የተጀመረ ጨዋታ ውስጥ መግባት

ይህ ችሎታ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ ለልጅ ግን ከፊደል ይከብዳል። «ሄደህ ተጫወት» ብሎ መግፋት ዋና ለማያውቅ ልጅ «ግባና ዋኝ» እንደማለት ነው። ልጁ ሄዶ «ልጫወት?» ይላል፤ ልጆቹ «አይቻልም!» ይሉታል። ክፉ ሆነው አይደለም። ጨዋታ ላይ ያለ ልጅ ሲያቋርጡት የሚቀለው መልስ «አይ» ነው። ተቀባይነት የሚያገኙ ልጆች ብዙ ጊዜ ፈቃድ አይጠይቁም፤ ቆመው ያያሉ፣ ይጠጋሉ፣ እንደ እነሱ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ለጨዋታው የሚጠቅም ነገር ይዘው ይገባሉ።

ሦስት ልጆች ወንበር ደርድረው ጀልባ ሠርተዋል እንበል። ሐይቅ ያለበት ከተማ ነውና ይህ ጨዋታ ሀዋሳ ውስጥ በየክፍሉ አለ። አንዱ ቀዛፊ ነው፣ ሁለቱ ተሳፋሪ። አራተኛው ልጅ በር ሥር ቆሞ ያያል። መምህርቷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ በሹክሹክታ ትጠይቀዋለች።

«ምን እየተጫወቱ ይመስልሃል?»

«ጀልባ።»

«ጀልባው ላይ ምን ይጎድላል?»

ልጁ ያስባል። መልስ ለመስጠት አሥር ሴኮንድ ሊፈጅበት ይችላል፤ መምህርቷ አትቸኩልም፣ አትመልስለትም።

«ዓሣ።»

የፕላስቲክ ክዳኖች ያሉበትን ሣጥን ታሳየዋለች። አራት አምስት ክዳን ያፍስና ጀልባው ጋ ሄዶ «ዓሣ አመጣሁ!» ይላል። ቀዛፊው ሳይዞር «እዚህ አስቀምጠው፣ እንዳያመልጥ» ይለዋል። ገባ ማለት ነው። መምህርቷ በዚች ቅጽበት ወደ ኋላ ትመለሳለች። «ጎበዝ!» ብላ ብትጮህ ሁሉም ዞረው እሷን ያያሉ፣ ጨዋታውም ይፈርሳል። ምስጋናውን ለኋላ ታቆየዋለች።

የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አዋቂ ሲያዝ፦ «አጫውቱት!» ቢባሉ አዋቂው ቆሞ እስካለ ድረስ ያጫውቱታል፣ ዞር ሲል ይተዉታል። ልጁ ጨዋታውን ሊለውጥ ሲሞክር፦ «ጀልባ አይደለም፣ አውሮፕላን ነው» ያለ ልጅ ይባረራል። ወይም ዕቃ ነጥቆ ሲገባ። ሦስቱም ካልታረሙ ልጁ «ከእኔ ጋር አይጫወቱም» የሚል ስም ለራሱ ያወጣል።

እምቢ መባልም ይለመድ። የሚወደድ ልጅም በየቀኑ እምቢ ይባላል፤ ልዩነቱ ሁለተኛ መንገድ ማወቁ ነው። «እሺ፣ በኋላስ?» ብሎ ወደ ሌላ ጥግ መሄድን ቤት ውስጥ በአሻንጉሊት ተለማመዱ። አሻንጉሊት ከሌለ ሁለት የበቆሎ ቆረቆንዳ ይበቃል። አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ይመጣል። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ለአንድ ሳምንት።

ተራ መጠበቅ፣ ከነአሸዋ ሰዓቱ

«አካፍለው» የሚለው ትእዛዝ ለትንሽ ልጅ «ያንተን አጣ» ማለት ነው። «ስትጨርስ ለእሱ ትሰጠዋለህ» ይሻላል፤ የያዘው ልጅ አይጣደፍም፣ የሚጠብቀውም እንደሚደርሰው ያውቃል። ከቁጥሩም ተጠንቀቁ። ለ3 ዓመት ልጆች አንድ ዓይነት መጫወቻ ሁለት ሦስት ይኑር። አንዲት ቆንጆ አሻንጉሊት ለሃያ ልጆች ማቅረብ ጠብ መጥራት ነው።

«ትንሽ ጠብቅ» ሲባል ትንሹ ምን ያህል እንደሆነ በዓይኑ ይየው። የአሸዋ ሰዓት በቤት ይሠራል። የሚያስፈልገው ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከነክዳኑ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አሸዋ፣ ሱፐር ግሉ፣ ፕላስተርና ምስማር ነው። አሸዋውን ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁና በዱቄት ወንፊት ንፉት። ጠርሙሶቹም ውስጣቸው ደረቅ ይሁን። ሁለቱን ክዳኖች ጀርባ ለጀርባ በሱፐር ግሉ አጣብቁና እስኪደርቅ ጠብቁ። አዋቂ ምስማሩን አግሎ ሁለቱንም በመሐል ይብሳቸው፤ ቀዳዳው 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። አሸዋውን በአንዱ ጠርሙስ ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ሌላውን ጠርሙስ ከላይ ግጠሙና መጋጠሚያውን በፕላስተር ጥቅልል አድርጋችሁ እሰሩት። ገልብጡና በስልክ ለኩ። ሁለት ደቂቃ ግድም ሊወስድ ይችላል፤ እንደ አሸዋው ይለያያል። ለ3 ዓመት ልጅ ከሁለት ደቂቃ አታስበልጡ፤ ለ5 ዓመት ልጅ አሸዋ ጨምራችሁ እስከ አምስት ደቂቃ አድርሱት። መሐል ላይ ቀጥ ካለ አሸዋው እርጥበት አለው ወይም ጠጠር ገብቶበታል፤ እንደገና አድርቃችሁ ንፉት። ሰዓቱን የሚገለብጠው የሚጠብቀው ልጅ ይሁን፤ ሥራ ሲኖረው አይነጫነጭም።

ከጨዋታዎቻችን ተራ በማስተማር «መሐረቤን ያያችሁ»ን የሚያህል የለም። ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ በጋራ «አላየንም» ብሎ መመለስ፣ እስኪመረጡ መታገሥ፣ ተሯሩጦ መሸነፍ፣ ሁሉም አንድ ጨዋታ ውስጥ አለ። ለትንንሾቹ ክቡን ከ6 እስከ 8 ልጅ አድርጉት። ሠላሳ ልጅ ባለበት ክብ ተራው የማይደርሰው ልጅ ተነሥቶ ይበጠብጣል፤ ጥፋቱ የክቡ ነው። ዓይን አፋሩን መጀመሪያ አታስነሡት፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ይሁን፣ እስከዚያ አይቶ ይማራል። «ኩኩሉ» ደግሞ መለየት ለሚከብደው ልጅ መድኃኒት ነው፤ የተደበቀ ሰው ተመልሶ እንደሚገኝ «አልነጋም» እያለ፣ እየሳቀ ይማራል።

ሲማቱና ሲናከሱ

መጀመሪያ ወደ ተመታው ሂዱ። የመታው ልጅ ትኩረት ለማግኘት ከሆነ የመታው፣ ወደ እሱ ብትሮጡ ያሰበውን አገኘ። የተመታውን አባብላችሁ ለመታው በአጭሩ ንገሩት፦ «መምታት ያማል። አልፈቅድም።» ስብከት አያስፈልግም፤ የተናደደ ልጅ ከአምስት ቃል በላይ አይሰማም። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ረጋ እስኪል ጠብቁና ቃሉን አስተምሩት፦ «ሲቀማህ ምን ትለዋለህ? ‹መልስልኝ› በለው። እስቲ ለእኔ በለኝ።» አንዴ ብሎት ሳያሳይ ወደ ጨዋታ አይመለስ።

መናከስ ብዙ ጊዜ ቃል በሚያጥራቸው፣ ደክሟቸው ወይም ርቧቸው ባሉ፣ ጠባብ ቦታ ላይ በተፋፈጉ ልጆች ላይ ይታያል። በደብተሩ ላይ ሰዓቱን መዝግቡ። ሁልጊዜ ከመክሰስ በፊት ከሆነ መክሰሱን ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርጉ። የተነከሰውን ቦታ በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ ቆዳው ከተቀደደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። «እንዲያውቀው» ብሎ መልሶ መንከስ ትልቅም ሰው እንደሚናከስ ከማሳየት በቀር ምንም አያስተምርም።

«ሲመቱህ መልሰህ ምታ» የሚል ወላጅ ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ልጁ ተጠቂ እንዳይሆን ነው። ግን የ4 ዓመት ልጅ በስሕተት የነካውንና ሆን ብሎ የመታውን ሁልጊዜ አይለይም፤ የነካውን ሁሉ ሊመታ ይችላል። በምትኩ መዳፉን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ እግሩን ተክሎ፣ ከሆዱ ጮክ ብሎ «ተው! አልወድም!» ማለትን አስተምሩት። ድምፁ ቀጭን ከሆነ ግቢ ውስጥ ውጡና ከአሥር እርምጃ ርቀት ላይ እስኪሰማችሁ ድረስ ይለማመድ። ካልተወው ወደ ቲቸር ይሂድ። ቲቸርም «አታሳብቅ» ብላ አትመልሰው።

«ይቅርታ በለው!» ብሎ ማስገደድ ቃሉን ባዶ ያደርገዋል። «ምን ብናደርግለት ይሻለዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ውሃ ያመጣለታል፣ ያፈረሰውን መልሶ ይደረድርለታል። እርቁ በእጅ የተሠራ ይሁን፤ ይቅርታው ራሱ ይመጣል።

ዝም ያለው ልጅና ሁለት ቋንቋ ያለው ልጅ

ሀዋሳ ውስጥ ቤቱ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የሚነገርበት፣ ክፍሉ ደግሞ በሌላ ቋንቋ የሆነበት ልጅ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ሊል ይችላል። እየሰማ፣ እየሰበሰበ ነው። አእምሮው የዘገየ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ወላጆቹንም «የቤታችሁን ቋንቋ ተዉ» አትበሉ። የመጀመሪያ ቋንቋው የጠነከረ ልጅ ሁለተኛውንም በቀላሉ ይይዛል፤ ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ የተቋረጠበት ልጅ ግን ሁለቱም ሊዳከሙበት ይችላሉ። መምህርት ከእናቲቱ አምስት ቃል ትማር፦ ውሃ፣ ሽንት፣ ያመኛል፣ እርዳኝ፣ እናቴ ትመጣለች። በፊደል ጻፏቸውና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ለሽንት፣ ለውሃና ለሕመም ሥዕል ያለበት ካርድ ይኑር፤ ልጁ በጣቱ ያሳይ። የቤቱን ቋንቋ ከሚናገር ልጅ ጎን አስቀምጡት፤ ያን ልጅ ግን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አታድክሙት።

እንግዳ ሲመጣ «ሳሚያቸው እንጂ! ምን ነካሽ? ዓይን አፋር ናት እኮ» ማለት የተለመደ ነው። ልጅቷ የሰማችው ስሟን ነው፤ «ዓይን አፋር» ተብላለች፤ ነገም እንደዚያ ትሆናለች። ትልቅ ሰውን ማክበር መማር አለባት፤ መሳም ግን ብቸኛው መንገድ አይደለም። እንግዳው ከመግባቱ በፊት ምርጫ ስጧት፦ «እጅ ትሰጫለሽ ወይስ ጎንበስ ብለሽ ሰላም ትያለሽ?» መርጣ የምታደርገውን በትክክል ታደርገዋለች።

ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ደግሞ የበዓላቱን አጋጣሚ አትለፉ። በእንቁጣጣሽ ልጆች አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጫምባላላም ልጆች «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ይህ በዓል በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የሚባለው ቃል አስቀድሞ ይታወቃል፣ በቡድን ይባላል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ያየ ሁሉ ደስ ብሎት ይቀበላል። ብቻውን ሱቅ ሄዶ «ዳቦ ስጡኝ» ማለት የማይደፍር ልጅ እዚህ ይደፍራል። ሁለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ አለማምዱት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች የሚያውቃቸው ሰዎች ይሁኑ።

ቤት ውስጥ

በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ጋብዙ። ሦስት ልጅ ከሆኑ ሁለቱ አንዱን ያገልላሉ። አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ሳይጣሉ መለያየት ነገ እንዲናፈቁ ያደርጋል። በጣም የሚወደውን መጫወቻ አስቀድማችሁ ደብቁ። የምታቀርቡት ዕቃ ሁለት ሰው የሚፈልግ ይሁን፦ ሊጥ፣ ውሃና ኩባያ፣ ኳስ፣ ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱበት አሮጌ ድስትና ጭልፋ።

ሐይቁ ዳር ወዳለው መናፈሻ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ይዛችኋቸው ብትወጡ ለሰፊ ቦታ ጥሩ ነው፤ ሙዙንና ብስኩቱን ግን ቦርሳ ውስጥ ያዙ፣ ጦጣዎቹ ከልጅ እጅ ይነጥቃሉ። አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ተራ በተራ መቁጠር፣ አንዱ ሲቆጥር ሌላው መጠበቅ፣ ያለ መጫወቻ የሚሠራ የተራ ልምምድ ነው። ሐይቁ ዳር ግን እጃቸውን አትልቀቁ።

ማታ «ምን ዋልክ?» ብትሉት «ምንም» ይላል። «ዛሬ ማን አለቀሰ?»፣ «መክሰስ ስትበላ ጎንህ ማን ነበር?»፣ «ዓሣውን ማን አመጣ?» በሉት። ወሬው ከዚህ ይወጣል። ስልክና ቴሌቪዥን ለ3 እና 4 ዓመት ልጅ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፤ ከስክሪን ጋር ተራ መጠበቅም መታረቅም የለምና ልምምድ አይሆነውም።

ባለሙያ የሚያስፈልገው መቼ ነው

ቤት ውስጥ እንደ ልቡ እያወራ ትምህርት ቤት ግን ከመጀመሪያው ወር በኋላም አንድ ወር ሙሉ ቃል ካልተነፈሰ፣ አዲስ ቋንቋ እየለመደ ያለ ልጅም ካልሆነ፣ ልቅሶው ከስድስት ሳምንት በኋላ ካልቀነሰ ወይም ከማስመለስና ከሆድ ቁርጠት ጋር ከመጣ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ ዓይን ለዓይን የማያይ፣ በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ ከሆነ፣ ይናገር የነበረውን ቃል ካቆመ፣ አትጠብቁ። «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ዕድሜ ያስበላል። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ «እልኸኛ» ወይም «ዝምተኛ» እየተባለ ዓመት ይባክንበታል። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩና ወደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እንዲልኳችሁ ጠይቁ።

ስትሄዱ ያን ደብተር ያዙ። ልጁ ከልጆች ጋር ሲጫወት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሲናደድ የተቀረጸ የሁለት ሁለት ደቂቃ ቪዲዮ በስልካችሁ ይኑር፤ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ልጁ ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ከመምህርቷም አንድ ገጽ አጽፉ፦ ምን እንደሚያደርግ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር።